የመጀመሪያ ታንቶዬን ልገዛ ነው፤ አዲስ የተሠራውን ወይስ «የድሮ» የተባለውን?

ጦሳ ሥር

ሰላም ጀማዓ፣ እንዴት ናችሁ። ከደሴ ነው የምጽፈው። ስለት መሰብሰብ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ያለኝ ብዙ አይደለም። ከባቲ ሰኞ ገበያ የገዛኋቸው ሁለት ጊሌዎች፣ የአፋር ጩቤ ማለት ነው፣ አሉኝ፣ የአያቴ ጎራዴ አለ፣ ሌላ ደግሞ እጀታው ቀንድ የሆነ አንድ ጩቤ። ማታ ከሥራ ስገባ አውጥቼ እወለውላቸዋለሁ፣ አያቸዋለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ።

አሁን ልቤ የገባው ታንቶ ነው። ለማታውቁት፣ ታንቶ የጃፓኖች አጭር ጩቤ ነው፤ የስለቱ ርዝመት ከአንድ ሻኩ፣ ማለትም ከ30.3 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነ። የአክስቴ ልጅ ናጎያ ነው የሚሠራው፣ ለጥምቀት ይመጣል። እና ሁለት ነገር ፊቴ ቀርቦልኛል።

አንዱ ቴሌግራም ላይ ያገኘሁት ነው። ሻጩ አዲስ አበባ ነኝ ይላል። «የ300 ዓመት የሳሙራይ ጩቤ» ነው ያለኝ። አፎቱ ጥቁር ሆኖ የወርቅ ቀለም ያለው ዘንዶ አለበት፣ ስለቱ ላይ ነጭ ሞገድ ይታያል። 45 ሺህ ብር። ሌላው የአክስቴ ልጅ እዚያው ናጎያ አንድ ሱቅ ውስጥ ያየው ነው። የሠራው ሰው በሕይወት አለ። ያልተቀባ ነጭ እንጨት አፎት ውስጥ ነው ያለው፣ ምንም ጌጥ የለውም። 380 ሺህ የን። ወደ ብር ስመታው ደነገጥኩ። ግን አራት ዓመት ያጠራቀምኩት አለ፣ የጎደለውን የአክስቴ ልጅ አበድርሃለሁ ብሎኛል፣ ስለዚህ የጨነቀኝ የገንዘቡ ነገር አይደለም።

የጨነቀኝ ይሄ ነው፦ ሳሙራይ በሌለበት ዘመን የተሠራ ታንቶ እውነተኛ ይባላል? ለቱሪስት ከሚሠራ ዕቃ በምን ይለያል? ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥቼ በኋላ ቅጂ ነው ብባል ያንገበግበኛል። የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ባቲ መንገድ

የቴሌግራሙን ተወው ወንድሜ። ጥቁር አፎት ላይ የወርቅ ዘንዶ፣ ዋጋው ደግሞ የ300 ዓመት ዕቃ የማይገኝበት፣ ይሄ ከፋብሪካ በጅምላ የሚወጣ የግድግዳ ጌጥ ነው። እኔም የዛሬ ስምንት ዓመት እንደዚህ ዓይነቱን ገዝቼ ተቃጥያለሁ፣ ስለዚህ የደረሰብኝን ነው የምነግርህ።

አንድ ነገር ብቻ ጠይቀው። «እጀታውን አውልቀህ ናካጎውን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ» በለው። ናካጎ የሚባለው እጀታው ውስጥ የሚገባው የብረቱ ጭራ ነው። እውነተኛ የጃፓን ስለት እጀታው በሙጫ አይጣበቅም። የያዘችው ሜኩጊ የምትባል አንዲት የቀርከሃ ችንካር ናት። ገፋ ስታደርጋት ትወጣለች፣ እጀታው ይወልቃል፣ ብረቱ እርቃኑን ይቀራል። እዚያ ላይ የችንካሯን ቀዳዳ ታያለህ፣ የሞረዱን ጭረት ታያለህ፣ ሠሪው ከፈረመበት ደግሞ ስሙን ታያለህ። ሜይ ነው የሚሉት ፊርማውን። ያልተፈረመባቸው የድሮ ታንቶዎችም አሉ፣ ስለዚህ ስም ስለሌለው ብቻ ውሸት ነው አትበል። ግን የ300 ዓመት ከሆነ ናካጎው መጥቆር አለበት። ጥቁር ቡናማ ዝገት፣ የተሟሸ የቆየ ምጣድ የሚመስል። ያንን ዝገት የሚያውቅ ሰው አይነካውም፣ ዕድሜውን የሚያነቡት ከእሱ ነውና። አዲስ ስለት ላይ ግን ናካጎው ነጭ ሆኖ ያበራል። ያ ጉድለት አይደለም፣ አዲስ ነኝ እያለህ ነው። መጥፎው አሮጌ ነኝ እያለ የሚያበራው ነው።

ነጩ ሞገድ ሃሞን ይባላል። እሱን ለመለየት ደግሞ እንዲህ አድርግ። ማታ መብራቱን ሁሉ አጥፋና አንድ አምፖል ብቻ ይብራ። ስለቱን ወደ አምፖሉ ዘርግተህ ቀስ እያልክ አዘንብለው። ብርሃኑ በብረቱ ላይ እየተንሸራተተ ሞገዱ ጠርዝ ጋ ሲደርስ፣ እውነተኛው ላይ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ብልጭ ብልጭ ይላሉ፣ ጠዋት ሣር ላይ እንደሚታየው ጤዛ። ኒዬ ይሏቸዋል። አንዳንዱ ላይ ነጠብጣቡ ተለይቶ አይታይም፣ እንደ ስስ ጉም ነው፣ እሱን ኒዮይ ይሉታል፤ ደሴ ላደገ ሰው ጉም ምን እንደሚመስል አላስረዳም። በአሲድ የተሳለው ሞገድ ግን በየትም በኩል ብታዘነብለው ያው ነጭ ነው። ኖራ የተቀባ ግድግዳ ነው። እኔ የገዛሁት እንደዚያ ነበር፣ ይሄን ያወቅኩት ግን ገንዘቤን ከከፈልኩ በኋላ ነው።

የኮምቦልቻው ማሽኒስት

«አዲስ ከሆነ እውነተኛ ነው ወይ» ላልከው እኔ ልመልስልህ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሰኝ። ለሥራ ሥልጠና ጃፓን ሦስት ወር ቆይቼ ነበር፣ ያኔ ነው ነገሩ የያዘኝ።

መጀመሪያ የቱሪስት ዕቃ አለመሆኑን ሕጉ ራሱ ይነግርሃል። ጃፓን ውስጥ ብረት መቀጥቀጥ ስለቻልክ ሰይፍ መሥራት አትችልም። ፈቃድ ካለው ሠሪ ሥር ቢያንስ አምስት ዓመት ትማራለህ፣ ከዚያ የመንግሥት የባህል ጉዳዮች መሥሪያ ቤት የሚሰጠውን ሥልጠና ታልፋለህ፣ ከዚያ ነው ፈቃድ የምታገኘው። ፈቃዱን ካገኘህ በኋላም በወር የምትሠራው የተገደበ ነው፦ ረጅም ከሆነ ሁለት፣ አጭር ከሆነ ሦስት። እያንዳንዱ ስለት ይመዘገባል። እስቲ አስበው፣ በወር ከሦስት በላይ እንዳትሠራ የተከለከልከው ነገር እንዴት የጅምላ ዕቃ ይሆናል?

ደግሞ ይሄ ዕውቀት ለጥቂት ነው የተረፈው። በ1876 እ.ኤ.አ. ሰይፍ መታጠቅ በአዋጅ ሲከለከል ብዙዎቹ ሠሪዎች ወደ ወጥ ቤት ቢላና ወደ ማጭድ ዞሩ። በ1945 ጃፓን ስትሸነፍ ደግሞ መሥራቱ ራሱ ተከለከለ። እንደገና የተፈቀደው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው፣ ያውም እንደ ጥበብ ሥራ እንጂ እንደ ጦር መሣሪያ አይደለም። በ1955 ታካሃሺ ሳዳትሱጉ ከሰይፍ ሠሪዎች የመጀመሪያው «ሕያው ብሔራዊ ቅርስ» ተባለ። በ1963 ሚያኢሪ አኪሂራ ተከተለው። በ1997 ደግሞ አማታ አኪትሱጉና ኦሱሚ ቶሺሂራ። ልብ በል፣ ቅርስ የተባለው ሰይፉ አይደለም። ሰውየው ነው። እጁ ነው።

ብረቱም ከገበያ የሚገዛ ብረት አይደለም። ታማሃጋኔ ይባላል። ከብረት አሸዋ ነው የሚወጣው። ሺማኔ የሚባል ክፍለ ሀገር ውስጥ፣ ኦኩኢዙሞ ላይ፣ በ1977 የጃፓን የሰይፍ ጥበቃ ማኅበር እንደገና ያስጀመረው ታታራ የሚባል የጭቃ ምድጃ አለ። የሚነደው በክረምታቸው፣ በብርዱ ወራት ነው። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ሳይቋረጥ በየግማሽ ሰዓቱ አሸዋና ከሰል እየጨመሩ ያነዱታል። ወደ 10 ቶን አሸዋና 12 ቶን ከሰል ገብቶ የሚወጣው 2.5 ቶን የሚሆን ጓል ብረት ነው፣ ከዚያም ለሰይፍ የሚሆነው ግማሹ እንኳ አይሞላም። መጨረሻ ላይ ምድጃውን አፍርሰው ነው የሚያወጡት። ለሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ይሠራሉ።

እኔ በዓይኔ ያየሁት ሴኪ ከተማ ነው። የቢላ አገር ናት፣ ለጎብኚ ቅጥቀጣ የሚያሳዩበት ቀን አላቸው። ዋናው ሠሪ ቁጭ ብሎ በግራ እጁ የጋለውን ብረት በጉጠት ይዟል፣ በቀኙ ትንሽ መዶሻ። ፊት ለፊቱ ሁለት ረዳቶች ቆመው ትልልቅ መዶሻ ይዘዋል። ሰውየው አይናገርም። በትንሿ መዶሻ ሲመታ ሁለቱ ተራ በተራ ያሳርፉበታል፤ ሲፈልግ በትንሿ ያፈጥናቸዋል፣ ሲፈልግ ያቆማቸዋል። ከዚያ ብረቱን መሐሉ ላይ በመሮ ሰንጥቀው ያጥፉታል። እንደገና ያግሉታል፣ እንደገና ያጥፉታል። አሥር ጊዜ ካጠፉት 1,024 ንብርብር ማለት ነው፣ ብዙዎቹ ከዚያም ያልፋሉ። ስለቱ ሲወለወል ላዩ ላይ እንደ እንጨት ጅማት የሚታየው እሱ ነው። የጋሳን ቤተሰብ ሥራ ላይ ደግሞ ጅማቱ ከጫፍ ጫፍ ሞገድ ሆኖ ነው የሚሄደው፣ አያሱጊ ይሉታል፣ አንዴ ካየኸው አትስተውም።

የመጨረሻው ውሃው ነው። ብረቱን ጭቃ ይቀቡታል፣ ጀርባውን ወፍራም፣ ስለቱን ስስ። ያግሉትና ውሃ ውስጥ ይከቱታል። ስሱ ጭቃ ያለበት ቶሎ ቀዝቅዞ ይጠነክራል፣ ወፍራሙ ዘግይቶ ቀዝቅዞ ለስላሳ ይቀራል። ሃሞን የሚፈጠረው እዚያ ላይ ነው። ስንት ሳምንት የተለፋበት ብረት በዚያች ሰከንድ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከተሰነጠቀ አለቀ፣ ከዜሮ ነው የሚጀምረው።

እና የአክስትህ ልጅ ያየው ታንቶ በዚህ ሁሉ ያለፈ ከሆነ ቅጂ አይደለም። የዛሬ 700 ዓመት የተሠራው ታንቶም በተሠራበት ቀን አዲስ ነበር።

ሆጤ ሰፈር

ልጆቼ፣ ጥሩ ተወያያችሁ። እኔ ግን አዲስ አልገዛም። ዕድሜዬም 64 ነው፣ ስለት ከመሰብሰብ 30 ዓመት አልፎኛል። ስለት ማለት ያለፈበት እጅ ነው ለእኔ። የአያቴን ጎራዴ ስይዝ ማን እንደያዘው አውቃለሁ፣ የት እንደዋለ አውቃለሁ። በ380 ሺህ የን ስም የሌለው ግን የሰይፍ ጥበቃ ማኅበሩ መርምሮ ወረቀት የሰጠው የድሮ ታንቶ ይገኛል። እኔ ብሆን እሱን ነበር የምወስደው። ልጄ፣ ቸኩለህ አትግዛ።

የኮምቦልቻው ማሽኒስት

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ በዚህ አልስማማም። ለእርስዎ ትክክል ሊሆን ይችላል፣ 30 ዓመት ዓይንዎን ሠርተዋልና። ለጀማሪ ግን አይሆንም። የድሮ ታንቶ በየዘመኑ ሲወለወል ኖሯል፣ እያንዳንዱ ውልወላ ከብረቱ ይወስዳል። የደከመ ስለት ይሉታል፣ ቀጥኖ፣ የውስጡ ብረት ብቅ ብሎ። ያንን ከፎቶ ለይቶ ማወቅ ከባድ ነው። ዝገት ቢገኝበት ደግሞ እዚህ የሚወለውልለት የለም። የጃፓን ወልዋይ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ ስንት ዓይነት ድንጋይ እየቀያየረ ነው የሚሠራው፣ የሚያስከፍለውም በስለቱ ርዝመት ነው። ታንቶውን መልሶ ጃፓን መላክ ሊመጣ ነው። አዲሱ ግን ከወልዋይ እጅ እንደወጣ ነው የሚደርሰው። ጉድለት ካለበት ጠያቂ አለህ፣ የሠራው ሰው በሕይወት አለ።

ሆጤ ሰፈር

የወልዋዩን ነገር አላሰብኩትም ነበር፣ እውነትህን ነው። ለልጁ አዲሱ ይሻለዋል። እኔ ግን የድሮውን መውደዴን አልተውም። አንድ ነገር ልጨምር፦ የምትገዙትን ሁሉ ፎቶ አንስታችሁ፣ ለክታችሁ፣ ጽፋችሁ አስቀምጡ፣ አንድ ቅጂ ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ጋ ይሁን። በ2014 ዓ.ም. የደሴ ሙዚየም ሲዘረፍ ያየ ሰው ይሄን አይዘነጋም።

የቀጥቃጭ ልጅ

ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የማልፈው፣ ዛሬ ግን ማለፍ አልቻልኩም። ከደላንታ ነኝ። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፣ አላህ ይዘንለት።

ማሽኒስቱ ስለ ትንሿ መዶሻ የጻፍከውን ሳነብ እንባዬ መጣ። አባቴም እንደዚያው ነበር። ወንድሜ ትልቁን መዶሻ ይዞ ይቆማል፣ አባቴ በትንሿ ያሳየዋል፣ አንድም ቃል አይነጋገሩም። እኔ ወናፉ ላይ ነበርኩ። ሁለት የፍየል ቆዳ ነው፣ አንዱን ስትጫን ሌላውን ትከፍታለህ፣ ትንፋሹ ሳይቋረጥ ከሰሉ ውስጥ መግባት አለበት። ትንሽ ካዘገየሁ አባቴ ከብረቱ ቀለም ያውቃል፣ ወደ እኔ ይዞራል። ብረቱን ውሃ ሊያስነካው ሲል ደጁን ዝጉ ይለናል፣ ቀለሙ በጨለማ ነው በደንብ የሚታየው። ጃፓኖቹም በጨለማ ነው የሚያግሉት አይደል? ይሄን ማንም አላስተማራቸውም፣ እሳት ነው ሁሉንም ያስተማራቸው። ብረቱ የመኪና ባሌስትራ ነበር። ማጭድ ሲሠራ ስለቱን ብቻ ነክሮ ያወጣዋል፣ ጀርባው ሳይነካ። «ሁሉም ከጠነከረ ይሰበራል» ይለን ነበር። ወገል ጤና ላይ ኦፓል ሲወጣ ደግሞ ቆፋሪዎቹ ዶማ ለማሾል ይሰለፉ ነበር፣ ያን ጊዜ ነው ትንሽ ያለፈልን።

ግን ምን ይሉን እንደነበር ታውቃላችሁ። ቡዳ። ማጭዱን ይወስዳሉ፣ ማረሻውን ይወስዳሉ፣ ቡና ሲያፈሉ ግን አይጠሩንም። ትምህርት ቤት አብራኝ የምትቀመጥ ልጅ እናቷ አስቀየረቻት። አባቴ 40 ዓመት ቀጥቅጦ አንድ ቀን ስሙን ብረት ላይ አልጻፈም። ማን ያነበዋል ብሎ። ጃፓን ሰውየውን ቅርስ ብሎ ሲሾመው፣ እኛ ጋ አባቴ ገበያ ሲገባ ፊታቸውን የሚያዞሩ ነበሩ።

ስለዚህ ወንድሜ አዲሱን ግዛ። የድሮውን የሠራው ሰው ሞቷል፣ ገንዘብህ ለነጋዴ ነው የሚሄደው። አዲሱን ስትገዛ ግን አንድ ሰው ነገ ከሰል ይገዛበታል፣ አንድ ተማሪ አምስት ዓመቱን ሳያቋርጥ ይጨርስበታል። ሌላ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ፣ አትቀየመኝ። ሁለቱ ጊሌዎችህን የሠራቸውን ሰው ስም ታውቃለህ?

ጦሳ ሥር

እህቴ፣ አልቀየምሽም። አላውቅም። ስድስት ዓመት ስወለውላቸው አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ሻጩን ዋጋ ብቻ ነው የተከራከርኩት። የጻፍሽውን ለእናቴ አነበብኩላት፣ እሷም ዝም አለች፣ ከዚያ «እኛ ሰፈርም እንደዚያ ነበር» አለችኝ።

የቴሌግራሙን ሰውዬ ናካጎውን አሳየኝ አልኩት። መጀመሪያ «እጀታው አይወልቅም፣ ከወለቀ ዋጋው ይወርዳል» አለኝ። ችንካሯን ግፋት ስለው ብሎክ አደረገኝ። ባቲ መንገድ፣ 45 ሺህ ብር አዳንከኝ፣ አላህ ይስጥህ።

የአክስቴ ልጅ ቅዳሜ ሱቁ ተመልሶ ሄዶ ነበር። ባለሱቁ ራሱ ጨርቅ አንጥፎ እጀታውን አወለቀለትና ፎቶ አስነሳው። ናካጎው ያበራል። በአንድ በኩል የሠሪው ስም አለ፣ በሌላ በኩል ሬይዋ 3፣ 2ኛ ወር ይላል። 8 ሱን ከ2 ቡ ነው፣ 24.8 ሳንቲ ሜትር አካባቢ። ሞገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ጫፉ ጋ ሲደርስ ወደ ኋላ ዞሮ ይመለሳል። ቪዲዮ ልኮልኛል፣ ሲያዘነብለው ያ ጤዛ ያልከኝ ታየኝ፣ በስልክም ቢሆን። አሁን የቀሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። እንዴት ነው በሕጋዊ መንገድ የሚወጣውና የሚገባው? የደሴን ጉምስ እንዴት ነው የሚችለው? ክረምት ላይ ልብስ እንኳን ቁም ሳጥን ውስጥ ይሻግታል።

የኮምቦልቻው ማሽኒስት

ሬይዋ 3 ማለት 2021 ነው። 2ኛ ወር የሚለውን እንደ ልደት ቀን አትውሰደው። ሠሪዎች ከጥንት ጀምሮ 2ኛ ወይም 8ኛ ወር ብለው መጻፍ ልማዳቸው ነው፣ ጸደይና መኸር ለማለት።

ሕጉን በተመለከተ፣ ሻንጣ ውስጥ ከቶ እንዳይመጣ። እያንዳንዱ ስለት የምዝገባ ወረቀት አለው፣ ቶሮኩሾ ይባላል፣ የሚሰጠው በየክፍለ ሀገሩ የትምህርት ቦርድ ነው። የአክስትህ ልጅ እንደገዛ በ20 ቀን ውስጥ ባለቤቱ መቀየሩን ማሳወቅ አለበት። አገር ሲለቅ ደግሞ ከባህል ጉዳዮች መሥሪያ ቤቱ የመውጫ ፈቃድ ያወጣል፣ የምዝገባ ወረቀቱ ይመለሳል። ወረቀቱ ከአንተ ጋር አይመጣም፣ ስለዚህ ከመመለሱ በፊት በደንብ ፎቶ አንሱት። ብዙ ሱቆች ይሄን ራሳቸው ይጨርሱልሃል፣ ግን ሳምንታት ስለሚፈጅ ለጥምቀት ከሆነ የምትፈልገው አሁኑኑ ይጀምር። አንድ ልብ በል፦ ያ ወረቀት ርዝመቱን፣ ቀዳዳውን፣ ፊርማውን ይመዘግባል እንጂ ፊርማው የትክክለኛው ሰው ነው ብሎ አይመሰክርም። አንዳንድ ሻጭ «የመንግሥት ማረጋገጫ አለው» ሲል ይሄንኑ ነው የሚያሳየው። የአንተ ሠሪ በሕይወት ስላለ ግን በባለሱቁ በኩል ፎቶውን ልኮ ማስጠየቅ ይቻላል። አስጠይቅ።

እዚህ ደግሞ ከመክፈልህ በፊት ጉምሩክ በአካል ሄደህ ጠይቅ፣ የጥበብ ሥራ መሆኑን ከፎቶው ጋር በጽሑፍ አቅርብ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበል። አውሮፕላን ላይ በእጅ ሻንጣ የሚባል ነገር የለም፣ በሚጫነው ነው፣ ለአየር መንገዱም አስቀድሞ ይነገር።

ባቲ መንገድ

የጉሙን ለእኔ ተውልኝ። ሻጋታ የለመደ ቤት ውስጥ ነው የማስቀምጠው እኔም።

ያ ነጭ አፎት ሺራሳያ ይባላል፣ ጌጥ የሌለው ለማረፊያ ስለሆነ ነው። ስለቱ የሚተኛበት ፒጃማ በለው። እንጨቱ ለስላሳ ነው፣ ብረቱን አይጭረውም። ቆዳ አፎት ውስጥ እንዳትከተው፣ የእኛ ቆዳ ጨው አለው፣ ጊሌዎችህንም ብታያቸው አፎቱ የነካቸው ቦታ ነው የዛገው። ስለቱን በጣት አትንካ፣ የጣትህ አሻራ በሳምንት ዝገት ሆኖ ይታያል። ስታወጣው ስለቱን ወደ ላይ አድርገህ ሳብ፣ ሳትቸኩል። አውጥተህ ይዘኸው አታውራ፣ ምራቅ ጠብ ካለችበት እሷም ታዝገዋለች።

ዘይቱ ቾጂ ይባላል፣ ቅርንፉድ ማለት ነው። ዛሬ የሚሸጠው ግን በአብዛኛው የማዕድን ዘይት ሆኖ ቅርንፉድ ለሽታ ጠብ የተደረገበት ነው። ከሱቁ አንድ ጠርሙስ ያምጣልህ። ሲያልቅብህ ንጹሕ የስፌት መኪና ዘይት ይሠራል። የምግብ ዘይት ግን በፍጹም፣ ይሙለጨለጭና ሙጫ ይሆናል። በንጹሕ ለስላሳ ወረቀት አሮጌውን ዘይት ጠርገህ፣ አዲሱን ሲያዩት የማይታይ ያህል ስስ አድርገህ ቀባ። በበጋ በሦስት ወር አንዴ ይበቃል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ግን እኔ በየሁለት ሳምንቱ ነው የማየው። ናካጎውን አትወልውለው፣ አታጽዳው፣ በራሱ ጊዜ ይጥቆር። ያ መጥቆር ከአንተ ቤት ነው የሚጀምረው።

የሚቀመጥበት ቦታ ከረከቦቱ ይራቅ። የከሰሉ እንፋሎትና የዕጣኑ ጭስ አይስማማውም። ከመሬት ከፍ ያለ ደረቅ ሣጥን፣ ቁልፍ ያለው፣ ልጆች የማይደርሱበት። ሌላም ልንገርህ፣ እኔ ቤት ደርሶ ነው። ሊጠይቁኝ የመጡ አክስቴ፣ ደግ ናቸው፣ አንዱን ጩቤዬን ቆሽሿል ብለው በአመድ ፈትገው አበሩልኝ። ክፋት የለውም፣ ቢላ የሚታጠበው እንደዚያ ነው። ታንቶ ላይ ቢሆን ግን የወልዋዩ ሥራ በአምስት ደቂቃ አበቃ ማለት ነው። ለቤተሰቡ ቀድመህ ንገር።

ጦሳ ሥር

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ቀብድ ከፈልን። ባለሱቁ የመውጫ ወረቀቱን እኔ እጨርሳለሁ ብሏል፣ ፎቶውንም ለሠሪው ልኮታል። እኔ ነገ ጉምሩክ እሄዳለሁ፣ ጽሑፉን ማታ አዘጋጀሁት። ጋሼ፣ ታንቶው ሲገባ መጥተው እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ፣ ቡና አፈላለሁ፣ ከሣጥኑ ራቅ አድርጌ።

የቀጥቃጭ ልጅ፣ ሰኞ ባቲ ወርጄ ነበር። ትልቁን ጊሌ የሸጠልኝ ሰውዬ አሁንም እዚያው ግመል ተራ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ጊሌውን ሳሳየው ወዲያው አወቀው። የሠሩት አንድ ሽማግሌ ናቸው አለኝ፣ ከባቲ ወደ አፋር ሲወረድ ነው የሚኖሩት፣ በሚቀጥለው ሰኞ ከመጡ ያገናኘኛል። ትንሹን ግን አላወቀውም። እጀታው ጥቁር ቀንድ ነው፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የነሐስ ቆብ አለው። ስለቱ መሐሉ ላይ እንደ ጀርባ አጥንት ከፍ ያለ ነው፣ እጀታው ሥር በግራ በኩል ሁለት አጫጭር ጭረቶች ጎን ለጎን፣ አንድ ደግሞ ከሥራቸው አግድም። ሆን ተብለው የተጫሩ ናቸው፣ እስከ ዛሬ መቧጨር መስሎኝ ነበር። ባቲ፣ ከሚሴ ወይም ሐራ አካባቢ እንደዚህ ምልክት የሚያደርግ ሰው የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ፎቶውን ከታች አድርጌዋለሁ።